በጥናት ጽሑፍ ውስጥ የሚናገረው ማን ነው?

ስለ ቅርጽና ይዘት በየሥነ ጽሑፉ መድረክ ብዙ ተብሏል፤ ብዙም ተጽፏል። ክርክሩ ግን አብዛኛውን ጊዜ በግጥም፣ በልቦለድና በቲያትር ዙሪያ የተወሰነ ነው። በየዓመቱ ከከፍተኛ ትምህርት ተቋሞች የሚወጣው የጥናት ጽሑፍ፣ በየመሥሪያ ቤቱ የሚቀርበው ዘገባ፣ በየመምህሩ እጅ የሚታረመው የተማሪ ድርሰት ቅርጹ ከሰማይ እንደ ወረደ ተቆጥሮ ሳይመረመር ይታለፋል። ይሁን እንጂ «አየሁ» ብሎ በሚጽፍና «ታይቷል» ብሎ በሚጽፍ ሰው መካከል ያለው ልዩነት ከሰዋስው ያለፈ ነው። ለተጻፈው ነገር ኃላፊው ማን ነው የሚል የሥነ ምግባር ጥያቄ በውስጡ አለ። ድርቅና ረሃብ ደጋግመው በጎበኙት አገር ደግሞ ይህ ጥያቄ የወረቀት ላይ ጨዋታ ሆኖ አይቀርም።

ነገሩን ከተጨባጭ ሁኔታ አንጻር ለመመልከት አንባቢ አንድ ተማሪ በዓይነ ኅሊናው ይሳል። ተማሪው የሰቆጣ አካባቢ ልጅ ነው። በቤቱ የሚነገረው ከአገው ቋንቋዎች አንዱ የሆነው ኽምጥኛ ነው፤ አማርኛን በገበያና በትምህርት ቤት፣ እንግሊዝኛን ከመጽሐፍ ተምሯል። ስም አያስፈልገውም፤ ከዋግ ኽምራ ተራሮች ወደ ወልድያ፣ ወደ ባሕር ዳር፣ ወደ ጎንደርና ወደ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲዎች የሚሄዱትን ወጣቶች የሚወክል አምሳል ነው። ይህ ተማሪ ስለ አጻጻፍ ያለው አመለካከት በትምህርት ዘመኑ ደጋግሞ ይለወጣል። የለውጡን መንገድ መከተል ጥያቄውን ራሱን መከተል ነው።

የሸንጎ አንደበትና ቀይ ቀለም

ተማሪው ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚገባው ባዶ እጁን አይደለም። ነገር አዋቂ ሽማግሌዎች ሲሟገቱ እየሰማ አድጓል። በዚያ ሸንጎ ነገር በምሳሌ ይከፈታል፤ ተናጋሪው ከማን ወገን እንደ ሆነ፣ ጉዳዩን በዓይኑ በብረቱ ይየው ወይም ከሰው ይስማው በግልጽ ይጠየቃል። «አየሁ» የሚል ምስክር «ሰማሁ» ከሚለው ይልቅ ይከበራል። ስለዚህ ተማሪው ስለ አገሩ አፈር መሸርሸር የመጀመሪያውን ድርሰት ሲጽፍ በዚሁ ልማድ ይጽፋል። አያቱ ያርሱት የነበረው ማሳ ዛሬ ድንጋይ ብቻ መሆኑን፣ ክረምት ሲገባ ወደ ተከዜ የሚወርደው ጎርፍ ምን እንደሚመስል፣ በልጅነቱ ያየውን ይተርካል። ወረቀቱ ሲመለስለት ቀይ ቀለም ሞልቶበታል። «‹እኔ› አይባልም። ምሳሌያዊ አነጋገር ማስረጃ አይሆንም። ምንጭህ የት አለ?»

የተማሪው የመጀመሪያ አቋም ከዚህ ቁስል ይወለዳል። ሥርዓታዊው አጻጻፍ አፍን የሚቀማ፣ የባላገርን ልጅ ከራሱ የሚያርቅ የባዕድ ልብስ ሆኖ ይታየዋል።

ቅሬታው መሠረት የሌለው አይደለም። የአማርኛ ግስ አድራጊውን በውስጡ ይዞ የሚኖር ግስ ነው። «አየሁ» ለማለት «እኔ» ማለት አያስፈልግም፤ ባለቤቱ በግሱ መጨረሻ ላይ ተቀምጧል። እንግሊዝኛ ግን ባለቤቱን ከግሱ ፊት ለብቻው ያቆመዋል፤ ከዐረፍተ ነገሩ ለማስወጣት ሲፈለግም የተደራጊ ግስ ይጠራል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ሥራውን ሲጀምር ማስተማሪያው እንግሊዝኛ ስለ ነበር፣ ከቋንቋው ጋር የአጻጻፉ ደንብ አብሮ ገባ። ከዚያም ደንቡ ወደ አማርኛው ጽሑፍ ተሻገረ። «መረጃው በአጥኚው ተሰበሰበ»፣ «በአጥኚው እንደ ታየው» የሚሉት አባባሎች በገበያም፣ በችሎትም፣ በቤትም አይሰሙም። ራሱን እንደ ሩቅ ሰው «አጥኚው» እያለ የሚጠራ ጸሐፊ ትሑት ይመስላል፤ አንባቢው ግን ከማን ጋር እንደሚነጋገር ግራ ይጋባል። የቀድሞዎቹ የግእዝ መጻሕፍት ገልባጮች እንኳ በመጽሐፉ መጨረሻ ስማቸውን አስፍረው አንባቢ በጸሎት እንዲያስባቸው ይለምኑ ነበር። ሥራ ሠሪ እንዳለው ያውቁ ነበርና።

በምን ታወቀ?

ሁለተኛው አመለካከት ቀስ ብሎ ይመጣል። ተማሪው በቤተ መጻሕፍት እየዋለ ሲሄድ፣ የጠላው ደንብ አንድ ታላቅ አገልግሎት እንደሚሰጥ ይገነዘባል። በአሮጌው ኅብረተሰብ የአንድ ቃል ክብደት የሚለካው በተናጋሪው ወንበር ነበር። ዋግን ለብዙ ዘመን ያስተዳደሩት ዋግሹሞች ነበሩ፤ ከእነሱም አንዱ ዋግሹም ጎበዜ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ከ1860 እስከ 1863 ዓ.ም. ነግሠዋል። እንደዚህ ባለ ሥርዓት «ማን ተናገረው?» የሚለው ጥያቄ «እውነት ነው ወይ?» ከሚለው ይቀድማል። የጥናት ጽሑፍ ደንብ ይህን ቅደም ተከተል ይገለብጠዋል። ጥያቄውን «በምን ታወቀ?» ያደርገዋል። እ.ኤ.አ. በ1660 በለንደን የተመሠረተው የሳይንስ ማኅበር በማንም ሰው ቃል ብቻ አለመታመንን መፈክሩ አድርጎ ተነሥቷል። በዚህ ፍርድ ፊት የመኳንንት ልጅና የፍየል ጠባቂ ልጅ እኩል ይቆማሉ፤ ፕሮፌሰሩም ማስረጃ ካላቀረበ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ሊሞግተው ይችላል።

ደንቡ በተማሪው ላይ የሚፈርደው ፍርድም ትክክለኛ ነው። የአያቱ ማሳ ድንጋይ የሆነው በስንት ዓመት ነው? የተሸረሸረው አንድ ማሳ ነው ወይስ ሸንተረሩ በሙሉ? እርከን የተሠራለት ጎረቤት ማሳስ እንዴት ሆነ? የመጀመሪያው ድርሰት ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ አልነበረውም። ልባዊ መሆኑ ብቻ እውነተኛ አላደረገውም። ሥርዓታዊው አጻጻፍ ያየውን ከሰማው፣ የሰማውንም ከተመኘው እንዲለይ ያስገድደዋል። ይህ ለጸሐፊ ትልቅ ዲሲፕሊን ነው።

የተደራጊ ግስም ተገቢ ቦታ እንዳለው ይረዳል። በሰቆጣ በሚገኘው የደረቅ መሬት ግብርና ምርምር ማዕከል የአንድ ማሳ የአፈር ርጥበት ሲለካ፣ የለካው ሰው ማንነት ውጤቱን ሊለውጠው አይገባም። ሌላም ሰው በዚያው ዘዴ ቢለካ ያንኑ ያገኛል። እዚህ ላይ «ተለካ» ማለት እውነትን በትክክል መናገር ነው። «እኔ ለካሁት» ማለት ለእውቀቱ የሚጨምረው ነገር የለም።

ይሁን እንጂ ተማሪው ደንቡን እየወደደ ሲሄድ አለቅጥ ይወደዋል። በጽሑፉ ውስጥ «ይታመናል»፣ «ይነገራል»፣ «እንደሚታወቀው» የሚሉት ቃላት ይበዛሉ። የሚያምነው፣ የሚናገረው፣ የሚያውቀው ማን እንደ ሆነ አይገለጽም። ይህ ልማድ ከትምህርት ቤቱ ተመርቆ ወደ መሥሪያ ቤት ይሄዳል። «አበረታች ውጤት ተመዝግቧል»፤ «አንዳንድ ጉድለቶች ታይተዋል»፤ «ለወደፊቱ እንዲስተካከል ይደረጋል»። መዝጋቢው፣ ተመልካቹ፣ አስተካካዩ በዘገባው ውስጥ የሉም። ማንም በወንበሩ ብቻ እንዳይታመን የተፈጠረው ደንብ፣ ባለወንበሩ እንዳይጠየቅ መሸሸጊያ ሆኖ ያርፈዋል።

የፍየሎቹ ቁጥር

ሦስተኛው ለውጥ የሚመጣው ተማሪው ለመመረቂያ ጽሑፉ መረጃ ለመሰብሰብ ወደ አገሩ ሲመለስ ነው። መጠይቁ በእንግሊዝኛ ተዘጋጅቶ፣ ወደ አማርኛ ተመልሶ፣ በገበሬው ደጃፍ ላይ በቃል ወደ ኽምጥኛ ይተረጎማል። ተርጓሚው ራሱ ተማሪው ነው። ከጥያቄዎቹ አንዱ «ስንት ፍየል አለዎት?» የሚል ነው። በገጠር የከብትን ቁጥር ለጠየቀ ሁሉ መዘርዘር የተለመደ አይደለም፤ አንድም ዓይን ይገባዋል ተብሎ፣ አንድም ቆጣሪ የግብር ወይም የእርዳታ መዝገብ ሳይዝ አይመጣም ተብሎ። አዛውንቱ «አሥር» ይላሉ። ተማሪው የጎረቤት ልጅ ነውና ከአሥር እንደሚበልጡ ያውቃል። ማወቁንም አዛውንቱ ያውቃሉ። «ልጄ፣ አንተም እኛን መቁጠር ጀመርህ?» ብለው ይስቃሉ።

በመጠይቁ ላይ 10 ይጻፋል። ቁጥሩ በሠንጠረዥ ውስጥ ከሌሎች ጋር ተደምሮ አማካይ ይሆናል። ጽሑፉም የአካባቢው ገበሬ ይህን ያህል ፍየል እንዳለው «ታውቋል» ይላል። ከዚያም ሌላ ጸሐፊ ይጠቅሰዋል፤ ከጥቅሱም ዕቅድ ይወጣል። ማንም ያልዋሸበት፣ ነገር ግን ሁሉም በጥቂቱ የተሸሸገበት ስሕተት እንደዚህ ይሠራል።

ተማሪው እዚህ ላይ ደንቡ ራሱ ያላስተማረውን ልዩነት ያገኛል። የአፈሩ ርጥበትና የፍየሎቹ ቁጥር አንድ ዓይነት እውቀት አይደሉም። ርጥበቱን ማንም ቢለካው ያው ነው። ፍየሎቹን ግን ከከተማ የመጣ እንግዳ ቢጠይቅ አንድ መልስ፣ ቋንቋውን የማያውቅ ቢጠይቅ ሌላ መልስ፣ የጎረቤት ልጅ ቢጠይቅ ደግሞ ሳቅ የታከለበት ሦስተኛ መልስ ይገኛል። ስለዚህ መለኪያው ቀላል ነው፤ አድራጊው ቢለወጥ ውጤቱ ይለወጣል ወይ? የማይለወጥ ከሆነ ጸሐፊው ገለል ማለቱ ጨዋነት ነው። የሚለወጥ ከሆነ ግን መታየቱ ግዴታው ነው። «ጥያቄውን ወደ ኽምጥኛ የመለስሁት ራሴ ነኝ፤ የአካባቢው ተወላጅ ነኝ፤ የከብቱ ቁጥር ዝቅ ተደርጎ የተነገረኝ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም ይህ ነው» የሚሉ ጥቂት ቃላት ራስን ማሳያ ሊባሉ አይገባም። የመለኪያው መሣሪያ መግለጫ ናቸው። ያለ እነሱ ሠንጠረዡ ጎዶሎ ነው።

የሳይንስ ታሪክም ይህን አይቃወምም። ደካርት እ.ኤ.አ. በ1637 ስለ ዘዴ የጻፈው መጽሐፍ በአንደኛ መደብ የተጻፈ ነው። ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1859 ያሳተመው የዝርያዎች አመጣጥ መጽሐፍ ያየውንና ያሰበውን በራሱ አንደበት ይናገራል። ዋትሰንና ክሪክ እ.ኤ.አ. በ1953 ስለ ዲ.ኤን.ኤ. ቅርጽ ያሳተሙት አጭር ጽሑፍ «እኛ» ይላል። የአሜሪካ የሥነ ልቦና ማኅበር የአጻጻፍ መመሪያም ጸሐፊ ራሱን በሦስተኛ መደብ ከመጥራት ይልቅ የሠራውን በአንደኛ መደብ እንዲናገር ይመክራል። «እኔ አይባልም» የሚለው ቀይ ቀለም እንግዲህ የሳይንስ ሕግ ሳይሆን፣ በአንድ ዘመን የተስፋፋና ከጊዜ በኋላ በብዙ ቦታ የላላ ልማድ ነው።

ዐረፍተ ነገር ባለቤት ሲያጣ

ጉዳዩ በፍየል ቁጥር ብቻ ቢቆም ባልከፋ። ዋግ ከወሎ አውራጃዎች አንዱ በነበረበት ዘመን፣ በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ወሎ በረሃብ ሲያልቅ፣ የመንግሥቱ አንደበት ዝምታን መርጦ ነበር። በ1965 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ መምህራን ወደ ወሎ ሄደው ያዩትን በፎቶግራፍ ይዘው ተመለሱ፤ በግቢውም ለተማሪውና ለመምህሩ አሳዩ። ያ ትዕይንት በመሠረቱ «አየን» የሚል ምስክርነት ነበር። በዚያ ሰዓት «ይነገራል» ማለት አይበቃም ነበር።

ከዚያ በኋላ የመጣው ምርምር ደግሞ ምስክርነቱን ወደ እውቀት አሳደገው። ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም የኢትዮጵያ ገጠር ለረሃብ ስለ ተጋለጠበት ሁኔታ የጻፉትና እ.ኤ.አ. በ1984 የታተመው መጽሐፍ በአኃዝና በሠንጠረዥ የተሞላ ነው። ሆኖም መጽሐፉ ረሃብን ለድርቅ ብቻ ሰጥቶ አያልፍም፤ ገበሬውን ለረሃብ ያጋለጠውን የአገዛዝና የኑሮ ሥርዓት ይጠይቃል። አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው ስለ ድህነትና ረሃብ በጻፈው መጽሐፍ የወሎን ረሃብ መርምሯል፤ በአገር ደረጃ የምግብ ምርት ብዙም ሳይቀንስ የወሎ ገበሬ ምርቱን ሲያጣ የመግዛት አቅሙንም አብሮ ማጣቱን አሳይቷል። ሴን በልጅነቱ እ.ኤ.አ. የ1943ቱን የቤንጋል ረሃብ በዓይኑ ያየ ሰው ነው። የሁለቱም ምሁራን አጻጻፍ ጥብቅ ነው፤ እንባ በገጹ ላይ አይንጠባጠብም። ነገር ግን «ሕዝቡ በድርቅ ተራበ» የሚለውን፣ ሰማይን ብቻ ተከሳሽ አድርጎ የሚተወውን ዐረፍተ ነገር ባለቤት እንዲኖረው አድርገዋል። ጥብቅነትና የራስ ድምፅ በአንድ ገጽ ላይ አብረው ሊኖሩ እንደሚችሉ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

«እኔ»ም ጭምብል ይሆናል

ተማሪው ይህን ካወቀ በኋላ ወደ መጀመሪያው አቋሙ ተመልሶ፣ «እንግዲያው ሁሉን በ‹እኔ› ልጻፍ» ቢል እንደገና ይሳሳታል። ለዚህ የአገራችን የጽሑፍ ታሪክ ግሩም ትምህርት አለው። ዛሬ በጥናት ጽሑፍ ውስጥ ለትንታኔ የሚውለው «ሐተታ» የሚለው ቃል፣ እ.ኤ.አ. በ1667 እንደ ተጻፈ የሚነገርለት የዘርዐ ያዕቆብ የግእዝ ድርሳን ስም ነው። ድርሳኑ በአንደኛ መደብ የተጻፈ ነው፤ ጸሐፊው ሕይወቱን፣ ስደቱን፣ ጥርጣሬውን በራሱ አንደበት ይናገራል። ይሁንና ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ እ.ኤ.አ. በ1920 ድርሳኑን የጻፈው በ19ኛው ክፍለ ዘመን የነበረው ኢጣሊያዊ ሚስዮናዊ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ነው ብሎ ተነሣ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩት ፕሮፌሰር ክላውድ ሰምነር በበኩላቸው ኢትዮጵያዊነቱን ተከራከሩለት። ክርክሩ እስከ ዛሬ አልተቋጨም። እውነቱ የትም ይሁን የት፣ ክርክሩ መኖሩ ብቻ አንድ ነገር ያስተምራል፤ «እኔ» የሚለው ቃል በራሱ የእውነት ዋስ አይሆንም። በ«ይታመናል» መሸሸግ እንደሚቻል ሁሉ በ«እኔ»ም መሸሸግ ይቻላል።

ሌላም አደጋ አለ። የተራበን ሰው አይቶ የራሱን ኀዘን የሚጽፍ ጸሐፊ ሳያስበው የሌላውን መከራ የራሱ ታሪክ ጌጥ ያደርገዋል። ገበሬው ከገጹ ይወጣና የጸሐፊው ርኅራኄ ቦታውን ይይዛል። እዚህ ላይ የሥርዓታዊው አጻጻፍ ቁጥብነት ለገበሬው መቆም ይሆናል።

የቅኔው ትምህርት

እንግዲህ ቅራኔው እንዴት ይፈታል? መልሱ ከሩቅ አይመጣም። ከዋግ ብዙም በማይርቀው ዋድላ፣ እንዲሁም በጎጃም ዋሸራና ጎንጅ፣ የቅኔ ተማሪ በጠባብ ደንብ ውስጥ ይማራል። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ነው፤ ዋዜማ አምስት፣ መወድስ ስምንት። ልኩን ማጉደልም ማስተረፍም አይፈቀድለትም። በዚያው ጊዜ የሌላውን ቅኔ ደግሞ የራሱ ነው ማለት ውርደት ነው፤ የሚዘርፈው አዲስና የራሱ መሆን አለበት። ቅርጹ የሁሉ፣ ነገሩ የእሱ ነው። መምህሩም ተማሪውን ሁለቱን ይጠይቀዋል። የዘመናዊው ትምህርት ቤት ችግር ደንብ መኖሩ አልነበረም፤ የደንቡን ግማሽ ብቻ ማስተማሩ ነው።

ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ካረፉ በኋላ በ1916 ዓ.ም. በታተመው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» በሚለው መጽሐፋቸው ስለ ሥራ፣ ስለ ንግድና ስለ ዕውቀት ግንኙነት በተራ በተራ ያስረዳሉ። የግል ብሶት አይተርኩም። ሆኖም ገጹን የገለጠ ሁሉ አንድ የተወሰነ ሰው በኃላፊነት እያሰበ መሆኑን ይረዳል። ድምፅ ማለት እንግዲህ ተውላጠ ስም አይደለም። ድምፅ «ይህን የምለው እኔ ነኝ፤ የማውቀው እስከዚህ ነው፤ ስሕተት ቢኖር ጠይቁኝ» የማለት ዝግጁነት ነው። «እኔ» ሳይባል ሊኖር ይችላል፤ «እኔ» እየተባለም ሊጠፋ ይችላል።

የሰቆጣ ስም ዛሬ በአንድ ታላቅ ሰነድ ላይ ተጽፏል። በሐምሌ 2007 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት በሕፃናት ላይ የሚደርሰውን መቀንጨር እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ለማስወገድ የገባው ቃል «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ተብሏል። ስያሜው ለ1977 ዓ.ም. ረሃብ መታሰቢያ ከሆኑት ቦታዎች አንዱን ማንሣቱ በአጋጣሚ አይደለም። የቃል ኪዳን ሰዋስው ደግሞ ልዩ ነው። «ይደረጋል» ትንቢት ወይም ምኞት ሊሆን ይችላል፤ ቃል ኪዳን የሚሆነው «አደርጋለሁ» ወይም «እናደርጋለን» ሲባል ብቻ ነው። በዚህ ቃል ኪዳን ሥር ከየወረዳው የሚጻፈው ዘገባ ሁሉ ባለቤት ያለው ግስ ሊይዝ ይገባዋል፤ ስንት ሕፃን ማን መዘነ፣ የት መዘነ፣ ያልደረሰበት ቀበሌ የትኛው ነው፣ ያልደረሰው ለምንድን ነው? ይህን የሚያስቀር ዘገባ በአኃዝ ቢያጌጥም የሕፃኑን ክብደት አይነግርም።

መምህር የተማሪን ወረቀት ሲያርም «እኔ»ን በቀይ ቀለም ከመሰረዙ በፊት፣ እዚያ ቦታ ላይ ያ ቃል ምን እየሠራ እንደ ሆነ ይጠይቅ። ጌጥ ከሆነ ይሰርዘው፤ ምስክር ከሆነ ይተወው። «ይታመናል» የሚለውንም በዚያው ቀለም ያክብበውና «በማን?» ብሎ ይጻፍበት። ካድሬውም ዘገባውን ከመፈረሙ በፊት የተደራጊ ግሶቹን አንድ በአንድ ወደ አድራጊ ቢለውጣቸው፣ ባለቤት የማይገኝላቸው የትኞቹ እንደ ሆኑ ያውቃል።

ተማሪው በመጨረሻ የሚያቀርበው ጽሑፍ ከውጭ ሲታይ ከሌሎቹ ብዙ አይለይም። ሠንጠረዡ በቦታው፣ ጥቅሱ በወጉ ነው። የአያቱም ማሳ በምሳሌነት ገብቷል፤ ነገር ግን ስፋቱ፣ ቁልቁለቱና የተጠየቁት ጎረቤቶች ቃል አብሮ ተቀምጧል። ስለ መረጃ አሰባሰብ በሚናገረው ክፍል ብቻ ጥቂት ዐረፍተ ነገሮች በአንደኛ መደብ ተጽፈዋል፤ በየትኛው ቋንቋ እንደ ጠየቀ፣ ማን እንደ ተረጎመ፣ የፍየሎቹ ቁጥር ለምን እንደሚያጠራጥረው። ጽሑፉ አንድ ቀን በኽምጥኛ ለሽማግሌዎቹ ቢነበብላቸውና «ይህን ያለው ማን ነው?» ብለው ቢጠይቁ፣ መልስ የሚሰጠው ሰው በገጹ ላይ ይገኛል።